ልጄን ከባሕር ላወጣ ሄጄ

ከመንገድ ከተመለስኩ ወዲህ ዓሣ ሊበላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዓሣውን ትቶ አሜሪካን ነው የሚጠይቀኝ። «አገሩ እንዴት ነው? ሰዉ እንዴት ነው? ልጅሽንስ ይዘሻት መጣሽ?» ይለኛል። እኔም መጥበሻው ላይ ቆሜ ስተርክ ስንቱን ቆሮሶ ዓሣ አሳረርኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም አንዴ ልጻፈውና የቻለ ላልቻለው ያንብብለት ብዬ ተነሣሁ። ያየሁትን በየቀኑ እንዳየሁት አወራለሁ። አገሩን በሙሉ አላየሁም። ሰው እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ከአገሩ ይልቅ የተቀበለውን ሰው ቤት ነው አይቶ የሚመለሰው።

ጉዳዬ አንድ ነበር። ልጄ ሰላማዊት ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ገባች፤ ፓርኪንግ ስትሠራ ቆየችና ባሕር ኃይል ተቀጠረች። መርከብ ላይ ነው የምትሠራው። ያን ጊዜ ውሏ ሊያልቅ ስለነበር እንደገና ልትፈርም ታስብ ነበር። እኔ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ ዓሣ ስጠብስ አርጅቼ፣ ውኃ ከጉልበቴ በላይ ነክቶኝ የማያውቅ ሴት ነኝ። ሐይቃችን ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሲነሣ እንኳ መጥበሻዬን ትቼ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ልጄ ማዶው በማይታይ ውኃ ላይ ታድራለች ማለት እንዴት ያስተኛኛል? ሰላም የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘችና ትኬት ላከችልኝ። እኔም «ሄጄ አስትቻት እመጣለሁ» ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወጅኩ። ባለቤቴ ብቻ ባጃጁን እያጠበ «ተያት፣ ልጅቷ ሰው ሆናለች» አለኝ። ለእሱ ምን አለበት!

ዓርብ ጠዋት ከሐዋሳ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለማርፍባት ለእትዬ ሙሉ አንድ ነጠላ፣ ለሰላም ደግሞ የምትወደው ዳጣ በጠርሙስ ነበረ። ልጄ ስትሄድ የሸኘኋት በዚሁ መንገድ ነው። ያን ጊዜ ዝዋይ ላይ ወርደን የዓሣ ሾርባ ጠጥተን «እማዬ፣ ያንቺን አያህልም» ብላኝ ነበር። አሁንም እዚያው ቤት ወርጄ ብቻዬን ጠጣሁ። እውነትም የኔን አያህልም። ግን እንባዬ ገብቶበት ይሁን ምን፣ ጨው በዛበት አልኩ። አስተናጋጇ ሳልጠይቃት ሌላ ቀየረችልኝ። ሒሳቡንም የአንዱን ብቻ ነው የተቀበለችኝ።

አዲስ አበባ ደርሼ አውሮፕላን ማረፊያው ገባሁ፤ በማግስቱም ቅዳሜ ብዬ የምቆጥረው ቀን በሙሉ በሰማይ አለቀ። እዚያ ላይ ቀን ይሁን ሌላ አይታወቅም። ምግቡ በትንንሽ ሳጥን ይመጣል፤ ለቅምሻ ያመጡልን መስሎኝ ዋናውን ስጠብቅ ሳጥኑን ሰበሰቡት። አጠገቤ የተቀመጡት የደሴ እናት ነበሩ፤ የልጅ ልጅ ሊያዩ የሚሄዱ። ወደ ታች ውኃ ታየኝና «እትዬ፣ ይሄ ውኃ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ እስካሁን አላለቀም» አሉኝ። ከዚያ መስኮቱን ዘግተው ትከሻዬ ላይ ተኙ። ክብደታቸው ፍርሃቴን ያዘልኝ መሰለኝ።

ሎስ አንጀለስ ስንወርድ ፈታሹ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ዳጣው ፈስሷል። ነጠላው አረንጓዴ ሆኗል። ሰውየው ጠርሙሱን አንሥቶ ሲያሸተው ዓይኑ በእንባ ሞላ፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና በእጁ «ሂጂ ሂጂ» አለኝ። ብርቱ ሰው ነበር፤ ለዳጣ ግን አልበቃም።

ልጄ በር ላይ ቆማለች። አላወቅኳትም ብል ይሻላል። ትከሻዋ ሰፍቷል፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ስታቅፈኝ ግን እንደ ልጅነቷ አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ከተተች። «እማዬ፣ ምንድን ነው የምትሸቺው?» አለች። «ዳጣሽ ነዋ!» አልኳት። እየሳቅን እያለቀስን መኪና ውስጥ ገባን።

መንገዳቸው እንደ ሐይቃችን ሰፊ ነው። መኪናው ሞልቶበት በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አይታይም። እኛ ጋ መንገድ ማለት ሰው ነው፤ ሰላምታ ነው። የእትዬ ሙሉ ሰፈር ስንደርስ ግን ደስ አለኝ። ሰፈሩን ፒኮ ሮበርትሰን ይሉታል። ጥቁር ባርኔጣ የደፉ አባቶች ከነልጆቻቸው አምረው ለብሰው በእግራቸው ይሄዳሉ። «አይሁዶች ናቸው፣ ቅዳሜ መኪና አይነዱም» አለችኝ ሰላም። ሰንበቱን እንዲህ የሚጠብቅ ሕዝብ ካለ ይህ አገር ክፉ አይደለም አልኩ በልቤ።

እትዬ ሙሉ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ናት። ሰላም ከአገር ስትመጣ የተቀበለቻት፣ አብልታ አስተኝታ ሥራ ያስገባቻት እሷ ናት። ነጠላውን ከነዳጣው ሰጠኋት፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ። አጥባው ስታበቃ አረንጓዴው አለቀቀም። «ይሁን፣ የሐዋሳ ጥለት ነው» ብላ ለብሳው ዋለች። አልጋዋን ለኔ ለቃ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች፤ ብለምን ብለማመጥ እንቢ አለችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ቄሱ «ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል» ብለው አወጁ። እኔ የዮናስን ነገር ስሰማ ሁልጊዜ እፈራለሁ፤ የዚያን ቀን ግን የልጄን ክንድ ይዤ አለቅም አልኩ። ባሕር፣ መርከብ፣ ማዕበል፣ ዓሣ አንበሪ... ሁሉም የልጄ ጎረቤቶች ናቸው።

ከዚያ ሊትል ኢትዮጵያ የሚሉት ፌርፋክስ መንገድ ወሰዱኝ። ስሙን ስሰማ ከተማ መስሎኝ ነበር፤ የአንድ መንገድ ቁራጭ ነው። ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ፣ የሀበሻ ልብሱ ጎን ለጎን ነው። ሰዉ ግን እዚያ አይኖርም፤ ከየሰፈሩ በመኪና ይመጣል። ሰላምታው ራሱ በመኪና መስኮት ነው፤ «ደህና ነሽ? ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ይሉና ፓርክ የሚያደርጉበት ፍለጋ ሲዞሩ ይቀራሉ። እትዬ ሙሉ እዚያ ትንሽ ሱቅ አላት። በሱቋ በር ወንበር ላይ የሚቀመጡ ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ታክሲ ነድተው ያረፉ። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው ተባለ።

እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። ሰላም ዞር ስትል ተነሥቼ ጎንበስ አልኩና «ጋሼ፣ እንግዳ ነኝ፣ ሽማግሌ ሁኑኝ» አልኳቸው።

«ከማን ጋር ተጣላሽ? ትናንት ገብተሽ!»

«ከልጄ ጋር።»

«መቼ ተጣላችሁ?»

«ገና ነን። ነገ ነው የምንጣላው።»

ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪያልባቸው ሳቁ። ግን እንቢ አላሉም። አቶ ግርማ የሚባሉ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ ጓደኛቸውንና እትዬ ሙሉን ጨምረው ሦስት ሆኑ። ለገዛ ልጅ ሽማግሌ መላክ በአገራችንም ብዙ አይታይም፤ እኔ ግን ብቻዬን እንደማልችላት አውቃለሁ።

ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን፣ ከሱቁ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ገባን። በያይነቱ መጣ። ሰላም ሦስቱን ተደርድረው ስታይ ገባት። «እማዬ! ሽማግሌ ላክሽብኝ?» አለች። «ምን ላድርግ፣ ስልክ ላይ ስነግርሽ ኔትወርክ ይቆራረጣል ትያለሽ» አልኳት።

ጋሼ ታደሰ «እንግዲህ ከእናት ይጀመር» አሉ።

«ልጄን ከባሕር አውጡልኝ» አልኩ። «ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ባሕር ወዳጅ የለውም፤ ነቢዩ ዮናስን እንኳ አልማረም።»

«ዮናስን የዋጠው ዓሣው ነው እንጂ ባሕሩ ነው እንዴ?» አለች እትዬ ሙሉ።

«ዓሣውስ የማን ነው? የባሕሩ አይደል?»

ሰላም እንጀራ እየጠቀለለች «እማዬ፣ ዓሣው'ኮ ነው ያዳነው። ባይውጠው ሰምጦ ይቀር ነበር» አለችኝ።

«አያችሁልኝ አፏን!»

ጋሼ ታደሰ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። እኔ የማላውቀውን ነገር አልዳኝም። ሥራሽ ምንድን ነው? ታክሲ ነው የነዳሁት፤ ሶ፣ እንደ ታክሲ ነጂ አስረጂኝ።»

«ኦኬ» አለች ሰላም። «ጋሼ፣ አንተ ማታ መብራት አጥፍተህ ድራይቭ ታደርጋለህ?»

አንተ አለቻቸው! በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥኳት። ጋሼ ታደሰ አይተውኝ ኖሯል፤ «ተያት እህቴ፣ አንቱታን እዚህ አገር ኤርፖርት ላይ ነው የሚወርሱት» አሉኝ።

እሷም ቀጠለች። «ባሕር ውስጥ መብራት ሩቅ አይሄድም። ድምፅ ግን ይሄዳል። መርከባችን ውኃው ውስጥ ድምፅ ትለቃለች፤ ድምፁ ሄዶ ሰርጓጅ መርከብ ከነካ ይመለሳል። ሶናር ይባላል። የተመለሰውን ማዳመጫ አድርጌ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«እንደ ገደል ማሚቶ» አሉ አቶ ግርማ።

«በቃ እንደሱ። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ዓሣ ነባሪዎቹም የሚያዩት በጆሯቸው ነው። መንገዳቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንዳንዶቹ ምግባቸውንም በድምፅ ነው የሚያገኙት። እኛ ስንለማመድ ይደነግጣሉ። መብላት የሚያቆሙ አሉ፤ ሲሸሹ የሚጎዱም አሉ።»

እትዬ ሙሉ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ታዲያ ለምን አትተዉትም?»

«ካልተለማመድን እኛ እንደነቁራለን። ሰርጓጅ መርከብ'ኮ ኮቴ የለውም። ጠላት የመጣ ቀን ካልሰማሁት...» አለችና አየችኝ።

«ካልሰማሽው ምን?» አልኩ። እንጀራ መቁረስ ያዘች። እኔ ግን ያላለችውን ሰማሁ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

አቶ ግርማ ነገሩን ሊያለሳልሱ ፈልገው «ለዓሣዎቹስ ጠበቃ የላቸውም?» አሉ።

«አላቸው። ለነባሪዎቹ የቆሙ ሰዎች ከባሕር ኃይሉ ጋር ፍርድ ቤት ተካሰው ያውቃሉ። አሁን ሕግ አለ። ስንለማመድ መርከቧ ላይ ሰው ቆሞ ባሕሩን ያያል። ነባሪ ከቀረበች ድምፁን እንቀንሳለን፤ በጣም ከቀረበች እናጠፋለን። እንዳንለማመድባቸው የተባሉ ቦታዎችና ወቅቶችም አሉ። ባሕር ኃይሉም በዛብኝ ይላል፤ እነሱም አነሰን ይላሉ።»

«እርቅ ማለት እሱ ነዋ!» አሉ አቶ ግርማ። «ሁለቱም እያጉረመረሙ ከሄዱ ደህና እርቅ ነው።»

ከዚያ ሰላም የሆነችውን ነገረችን። አንድ ቀን በልምምድ መካከል በማዳመጫዋ የነባሪ ድምፅ ሰማች። ውጪ የቆሙት ግን ምንም አላዩም። «ነባሪ አለ» ብላ ተናገረች፤ ድምፁ ተቋረጠ፤ መርከብ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጓደኞቿ «የነባሪ ሞግዚት» እያሉ አሾፉባት። ቆይታ ነባሪዋ ከመርከቧ ማዶ ብቅ አለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሞግዚት ሆኖ ቀረ፤ ግን ዝም ስትል «ሞግዚት፣ ምን ሰማሽ?» ይሏታል።

እኔ ይሄኔ አልቻልኩም። «ከነባሪዋና ከእኔ ማን ይበልጥብሻል?» አልኳት።

«እማዬ፣ እንደሱ አትጠይቂኝ።»

ጋሼ ታደሰ ጣታቸውን ታጥበው፣ ባርኔጣቸውን ደፉ። እንዲህ ፈረዱ፦ «እኔ በእናትና በልጅ መካከል ልዳኝ ነው የመጣሁት። ለካ ሦስተኛ ባለጉዳይ አለች። የአንዱን ወገን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው። ሶ፣ ረቡዕ ወደ ባሕር ውጡ፤ ነባሪዋን እይያት። አይተሽ መጥተሽ አሁንም "ትውጣልኝ" ካልሽ እኛ ልጅቷን እናስወጣታለን። ትቀበያለሽ ወይ ሰላም?»

«እቀበላለሁ» አለች። እንዲህ ቶሎ ትቀበላለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እኔም ባሕር ውጪ ስባል መድረቅ የጀመረ አፌን በውኃ አርሼ «እሺ» አልኩ። ሽማግሌ እንቢ አይባል።

ማክሰኞ ባሕሩን ከዳር ልታለማምደኝ ወሰደችኝ። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ከውስጥ ሆነን አየነው። ማዶ የለውም። የኛ ሐይቅ ማዶው ተራራ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት አለው። ይሄ ግን ዓይንሽን ይዞ ይሄድና አይመልስልሽም። እጆቼን ጭኔ መሃል ከትቼ ተቀመጥኩ።

ሰላም ስልኳን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። «ስሚ፣ ነባሪ ናት» አለች። መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ የሚል በር መሰለኝ። ከዚያ ረዘመ፤ ወረደ፤ ወጣ። ሙሾ እንዳልለው ሐዘን የለውም፤ ዘፈን እንዳልለው የሚጨፈርበት አይደለም። «ባሕሩ ዝም ያለ ይመስልሻል እንጂ ውስጡ ገበያ ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ልጅነቷ ትዝ አለኝ። ዓሣ ስልጥ እግሬ ሥር ቁጭ ትልና ሐይቁን ታያለች። ሰው ሁሉ ደረቅ ግንድ ነው የሚለውን «እማዬ፣ ጉማሬ!» ትላለች። እውነትም ጉማሬ ይሆናል። ጀልባ ነጂዎቹ እንኳ «ሰሉ ዛሬ ምን አየሽ?» ብለዋት ነበር የሚወጡት። ስትሄድ ሐይቁን የሚያይልኝ ጠፋ፤ ዓሣ ሳገላብጥ አንዳንዴ አሁንም «ሰሉ» እላለሁ። ይህን አልነገርኳትም። የተጠበሰ ድንች ገዝታልኝ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጭኔ ላይ ቀዘቀዘ።

ረቡዕ ሎንግ ቢች ከሚባል ወደብ ጀልባ ተሳፈርን። ሰው ነባሪ ለማየት ከፍሎ የሚሳፈርበት ጀልባ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ፎቅ አለው። እኔ ግን መሃል ያለውን ብረት አቅፌ ከዚያ አልነቃነቅ አልኩ። ወደቡን አልፈን ማዕበሉ ሲያነሣ ሲጥለን የሰኞው ምስር ወጥ ሳይቀር ወጣ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ጀርባዬን አሸችልኝ፤ የዝንጅብል ከረሜላ ልጣ አፌ ድረስ አቀረበችልኝ። ጾም ነኝ! እንቢ ብላት ይከፋታል። ተቀብዬ በእጄ ጨበጥኩት።

«እማዬ፣ መድኃኒት ነው፤ ዋጪው» አለች ሰላም።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«እግዜር ያውቃል'ኮ ባሕር ላይ እንደሆንሽ!»

«እሱማ ያውቃል፤ ስለሚያውቅ ነዋ የምፈራው።»

ከረሜላው እጄ ውስጥ ቀልጦ ከነጠላዬ ጋር አጣበቀኝ። አሮጊቷ ደግማ ስታየኝ የበላሁ መስሏት ሌላ ሰጠችኝ። ደግ ሴት።

ከዚያ የጀልባው መሪ አንድ ነገር ተናገረና ሞተሩን ዝግ አደረገው፤ ቆየት ብሎም አጠፋው። ሰላም ተረጎመችልኝ። «በዚህ ወቅት ነባሪዎቹ ሊወልዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እዚያ ሳትደርስ መንገድ ላይ የወለደች ታይታለች ነው የሚለው። መጠጋት ክልክል ነው፤ ከሩቅ እንቆማለን።»

መንገድ ላይ የወለደች! እትብቱን የሚቆርጥላት የለ፣ ገንፎ የሚያገነፋላት የለ።

ጀልባዋ ዝም አለች። ከዚያ ሰማሁት፤ ከማየቴ በፊት ነው የሰማሁት። ሸክሙን መሬት ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው ያለ ትልቅ ትንፋሽ። ውኃ ወደ ላይ ተረጨ። ጀርባዋ ወጣ፤ ግራጫ ነው፤ ያልተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ከጎኗ ደግሞ ትንሽ ትንፋሽ፣ ትንሽ ጀርባ። ግልገሏ በባሕሩ ዳር በኩል፣ እናቲቱ በጥልቁ በኩል ነበረች። ክፉ የሚመጣው ከጥልቁ ነው ብላ ይሆናል። ይህን ማንም አላስተማራትም።

አፍሬም ፈርቼም አላውቅም እንደዚያ። እኔ የዮናስን ዓሣ ጠብቄ ነበር፤ የሚውጥ፣ አፉን የከፈተ። የመጣችው ግን እንደኔው ፈሪ እናት ናት።

«አሁን መርከባችሁ እዚህ ብትሆን?» አልኳት ሰላምን በሹክሹክታ።

«እስክታልፍ እንጠብቃለን።»

«ስትጠብቁ ጠላት ቢመጣስ?»

«ጦርነት ሌላ ነው እማዬ። ይሄ ልምምድ ነው፤ ልምምድ መጠበቅ ይችላል። ግን ሁሌ ብንጠብቅ ደግሞ መቼም አንለምደውም። ሁለቱን ይዞ መሄድ ነው።»

«ውጪ የቆሙት ባያዩዋትስ?»

«ድምፅ ካሰማች እኔ እሰማታለሁ።»

«ድምፅ ካላሰማችስ?»

«ያን ጊዜ አንሰማትም» አለች ሰላም። አልዋሸችኝም። እኔም ማዳመጫዋን አድርጋ የምትቀመጥበትን ወንበር አሰብኩት። ልጄ ብትነሣ ባዶ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ጆሮ ያለው ይሁን የሌለው ማን ያውቃል? ነባሪዋ አንዴ ጭራዋን አወጣች፤ ከዚያ ሁለቱም ገቡ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ብዙ ቆሞ ባሕሩን አየ፤ አልወጡም።

ሐሙስ ጾሙ ተፈታ። እትዬ ሙሉ ዓሣ ገዝታ መጣች፤ የባሕር ዓሣ ነው፤ ወፍራም፣ አጥንቱ ትልቅ። እንደኛ አገር አድርጌ ልጬ ቆራርጬ ጠበስኩት። ጢሱ ቤቱን ሞላና ጣራው ላይ ያለው ነገር መጮኽ ጀመረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዱ ባለ ጥቁር ባርኔጣ አባት በፍራሽ ልብስ እያራገቡ ጢሱን ሲያስወጡልን ዋሉ፤ ምግብ ስንሰጣቸው የሃይማኖታቸው ሥርዓት ስለማይፈቅድላቸው በእጃቸው ደረታቸውን ነክተው ሄዱ። ክልክል ያለበት ሰው ክልክል ያለበትን ያውቀዋል።

ጋሼ ታደሰና አቶ ግርማ መጥተው በሉ። ጋሼ ታደሰ አጥንቱን ካጸዱ በኋላ «እንግዲህ እህቴ፣ ቃልሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሰላም ሳህን የምታጥብ መስላ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ውኃው ግን አይፈስም።

«ጋሼ፣ ላድርበት» አልኩ።

«እሺ፣ ፍርዱ ካንቺ ጋር ይሂድ። የትም ሆነሽ ብትናገሪው የኛ ፍርድ ነው» አሉ። አቶ ግርማ አንድ ቁራጭ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ለፓርኪንግ ነው» አሉ፤ ማንም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቃቸውም።

ቅዳሜ የምሄድበት ቀን ነበር። ዓርብን በሙሉ አብረን ተኝተን ዋልን ማለት ይቻላል፤ እሷ ጭኔ ላይ፣ እኔ ፀጉሯን ፈትቼ እየሠራሁ። ሹሩባዋን ስጨርስ እንደገና ፈትቼ ጀመርኩ። እሷም አላለችም «ለምን»። እዚህ ተቀምጬ ስጽፈው ከአሜሪካ ሁሉ የሚናፍቀኝ ያ የዓርብ ዕለት ነው፤ መስኮቱ ክፍት፣ ውጪ መኪና፣ ውስጥ ልጄ።

ኤርፖርት እትዬ ሙሉ ተሰናብታኝ መኪናዋን ልታነሣ ሄደች። ሻንጣዬን ከሰጠሁ በኋላ ሰላምን ጎተት አደረግኩና «ፈርሚ» አልኳት።

ያልሰማች መሰለኝ። «ፈርሚ ነው የምልሽ። ነገ ሰው እንዳይቀድምሽ» አልኩ።

ፊቷ ተለወጠ። ትስቃለች ስል ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። «እማዬ፣ እኔ'ኮ እንቢ ትይኛለሽ ብዬ ነበር» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ፊት ቶሎ እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። አንቺ "ነይ" ብትይኝ እኔ አልተውኩትም፣ እናቴ ናት ያስተወችኝ እል ነበር። እኔም እፈራለሁ'ኮ።»

እኔ ስፈራ የኖርኩት ለሁለታችንም መስሎኝ ነበር። እሷ እንደምትፈራ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ቃሌን ልመልስ አፌን ከፈትኩ። «ነይ» የሚለው ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። እያየሁት ያደገውን ፊቷን አየሁት፤ ቃሉን ዋጥኩት።

«ፍሪ» አልኳት። «የሚያዳምጠው የሚፈራ ሰው ነው። የማይፈራ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።»

ግንባሯን ስሜ፣ አፌ የቻለውን ያህል መረቅኳት። ግማሹን እንባ ስለበላው እግዜር ራሱ ይሙላው። ሰልፉ ገፋኝ። ፈታሹ ጫማሽን አውልቂ አለኝ፤ ጫማዬን ይዤ በካልሲዬ አለፍኩ። ከኋላዬ «እማዬ!» ስትል ሰማኋት።

አልዞርኩም። ብዞር ኖሮ ይዣት እመጣ ነበር።